ነጭ ሽንኩርት ከቲያን ሻን እስከ ሙቀጫችን

ከቻይና ምዕራባዊ ጫፍ ተነስቶ ኪርጊስታንን፣ ካዛኪስታንንና ኡዝቤኪስታንን የሚያዳርስ ቲያን ሻን የተባለ የተራራ ሰንሰለት አለ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች የነጭ ሽንኩርትን የትውልድ ቦታ ባፈላለጉ ቁጥር ዱካው የሚያደርሳቸው ወደዚያ አካባቢ ነው። የብርዱ ወራት ረጅምና ጨካኝ፣ የሙቀቱ ወራት ደረቅ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚበቅል ተክል ስንቁን ከመሬት በታች ቀብሮ ክፉውን ወቅት ካላሳለፈ አይኖርም፤ ነጭ ሽንኩርትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስንቁን አይጥና ትል እንዳይዘርፈው ደግሞ የሚያቃጥል መከላከያ አበጀለት። ሌሎች ፍጥረታት ቀምሰው የሸሹትን ሰው ቀምሶ ወደደው፤ ወዶም ይዞት ሄደ።

ገበሬ ለብዙ ሺህ ዓመታት ትልልቁን ራስ እየመረጠ ሲተክል ነጭ ሽንኩርት አብቦ ዘር ማፍራቱን እየተወ መጣ። ዛሬ ራሱ ተፈልፍሎ ፍሬ ፍሬው ይተከላል፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ የሚወጣውም የእናቱ ግልባጭ ነው። ነፋስ አይበትነውም፣ ወፍ አያደርሰውም። ስለዚህ በዓለም ላይ ነጭ ሽንኩርት ባለበት ሁሉ አንድ ሰው በእጁ ወይም በስልቻው አድርሶታል። ዘር የሚያፈራ ነጭ ሽንኩርት የለም ተብሎ ይታመን በነበረበት በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታኬኦሚ ኤቶ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ዘር መስጠት ያልተወውን ያገኘው እዚያው መካከለኛው እስያ ውስጥ ነው።

ተሸካሚዎቹ በየት በየት እንዳለፉ የጻፈ የለም፤ የደረሱበት ግን ይታወቃል። በላይኛው ግብፅ ኤል ማሐስና በሚባል ስፍራ፣ ፈርዖኖች ገና ሳይነግሡ በተቆፈሩ መቃብሮች ውስጥ፣ ከሸክላ የተሠሩ የነጭ ሽንኩርት ራሶች ተገኝተዋል። ለሟች የሚቀመጥለት በሕይወት ሳለ ያልተለየው ነገር ነውና፣ ያኔም ተክሉ የቤት ሰው ሆኖ ነበር።

ስለ ምግብ አሠራሩ ቀድሞ የሚነግረን ግን ሜሶጶጣሚያ ነው። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ገደማ በአካድኛ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች አሉ። ለረጅም ጊዜ የመድኃኒት ቅመማ ጽሑፎች ናቸው ሲባሉ ኖረዋል። ዣን ቦቴሮ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1980ዎቹ ተጠንቅቆ ሲያነባቸው ወጥ ሆነው ተገኙ፤ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የተጻፉ የወጥ አሠራሮች ሁሉ ቀዳሚዎቹ። ሥጋው በውኃና በስብ ይቀቀላል፣ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከዚያም ባሮ የሚባለው የሽንኩርት ዘመድና ነጭ ሽንኩርት አብረው ተደቁሰው ይጨመራሉ። ይህ የደቀቀ ቅይጥ ከወጥ ወጥ እየተደጋገመ ይመጣል። ቁሌት አቁላልታ ነጭ ሽንኩርቷን በኋላ ጣል የምታደርግ የአገራችን ሴት ያንን ጽላት ብታነብ አሠራሩ ባዕድ አይሆንባትም። ሊቃውንቱ መድኃኒትና ምግብ መለየት ተስኗቸው መቆየታቸው ደግሞ አያስገርምም፤ በነጭ ሽንኩርት ታሪክ ይህ መቀላቀል ገና ብዙ ጊዜ ይመጣል።

በግብፅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የሐኪሞች መጽሐፍ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት በውስጡ ከመድኃኒት ቅመሞች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ወጣቱ ንጉሥ ቱታንካሙን ሲቀበር ከወርቁና ከዙፋኑ ጋር ነጭ ሽንኩርት ተቀመጠለት። ሃዋርድ ካርተር በ1922 መቃብሩን ሲያገኝ ደርቆ ቆይቶ ነበር። ሆኖም ነጭ ሽንኩርት በግብፅ በዋናነት የንጉሥ አልነበረም። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጊዛን ሲጎበኝ፣ በታላቁ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞቹ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና መሰል አትክልት 1,600 መክሊት ብር መውጣቱ ተጽፏል ብሎ አስተርጓሚው እንደነገረው መዝግቧል። አስተርጓሚው ሄሮግሊፉን በትክክል ማንበቡን ብዙዎች ይጠራጠራሉ፤ እኔም እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ታሪኩ ለዚያ ዘመን ሰው ተአማኒ የመሰለው ድንጋይ ጎታች ነጭ ሽንኩርት እንደሚበላ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ላይ እስራኤላውያን በምድረ በዳ መና ሰልችቷቸው የግብፅን ማዕድ ሲናፍቁ ከሚዘረዝሩት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለበት። የባርነት ቤት ምግብ ነበር፤ ናፍቆቱ ግን ከባርነቱ ተርፎ ተከተላቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ የአይሁድ የቃል ሕግ በተጻፈበት በሚሽና ውስጥ አይሁድ ራሳቸውን ነጭ ሽንኩርት በሊታዎች ብለው ሲጠሩ እናገኛለን። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድም ዕዝራ ለሰንበት ዋዜማ ነጭ ሽንኩርት እንዲበላ ሥርዓት ማውጣቱን ይናገርና አምስት በጎ ነገሮቹን ይቆጥርለታል፤ ያጠግባል፣ ሰውነት ያሞቃል፣ ፊትን ያበራል፣ ዘርን ያበዛል፣ የሆድ ትልን ይገድላል። እዚህም መድኃኒቱ የሚወሰደው ከማዕድ ላይ፣ ከቤተሰብ ጋር፣ በበዓል ምሽት ነው።

ግሪኮችና ሮማውያን በነጭ ሽንኩርት ጉዳይ ልባቸው ተከፍሎ ነበር። ወታደርና ቀዛፊ ይበላዋል፤ ሐኪሞቻቸው ያዝዙታል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዲዮስቆሪደስ በመድኃኒት መጽሐፉ አስገባው፤ በዚያው ዘመን ሮማዊው ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ ከስድሳ በላይ ሕመሞችን ይፈውሳል ብሎ ዘረዘረለት። ስድሳ ሕመም የሚፈውስ ነገር መኖሩን ያመነ ሰው አንዱንም በደንብ አልመረመረም ማለት ነው። በሌላ በኩል ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ አማልክት እናት ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይከለከል ነበር፤ ባለቅኔው ሆራስም በወዳጁ በማይኬናስ ማዕድ በልቶት ስለተቃጠለ አንድ ሙሉ የእርግማን ግጥም ጽፎበታል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተነሳው ታላቁ ሐኪም ጋሌን ግን ነጭ ሽንኩርትን የገጠሬው ቴርያክ አለው። ቴርያክ ነገሥታት ከመርዝ ለመጠበቅ የሚወስዱት፣ በርካታ ውድ ቅመሞች የሚገቡበት መድኃኒት ነበር። ጋሌን የንጉሠ ነገሥታት ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ያንን መግዛት የማይችለው ገበሬ በጓሮው ምን እንዳለው ማየቱ ያስመሰግነዋል።

ይህን ታሪክ ስከታተል ከዘመን ዘመን ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት ከማዕድ ተነጥሎ ተአምረኛ መድኃኒት ተብሎ ብቻውን ሲቆም ይሰናከላል። በድሃው ሙቀጫ ውስጥ ምግብ ሆኖ ሲኖር ግን፣ የተባለለትን ሁሉ ባይሆንም፣ ያለውን አይነፍግም። ሽታውን የሚጠየፉት ባለጸጎች በየዘመኑ ጥለውት ተመልሰው ሲፈልጉት፣ የሠራተኛው ማዕድ ከእጁ አላወጣውም።

ወደ ምሥራቅ የሄደው ነጭ ሽንኩርት የገጠመው ከሁሉ የከበደ ክልከላ ነው። በ400 አካባቢ ሕንድን የጎበኘው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺየን በመካከለኛው ሕንድ ከተናቀው የቻንዳላ ወገን በቀር ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚበላ እንደሌለ ጽፏል። የሂንዱ ካህናት ወገን የሆኑት የብራህማኖች ሕግም ይከለክላል። በዚያው ሥልጣኔ ውስጥ ግን ለነጭ ሽንኩርት ውዳሴ የተጻፈለት ድንቅ ጽሑፍ ወጥቷል፤ የተገኘበት መንገድም ራሱ ታሪክ ነው። በ1890 ሃሚልተን ባወር የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን የአንድ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ገዳይ ፍለጋ በቻይና ቱርኪስታን በኩል ሲያልፍ፣ ኩቻ በምትባል የበረሃ ከተማ ከአንድ ሰው ላይ በበርች ዛፍ ልጥ የተጻፉ አሮጌ ቅጠሎችን ገዛ። ሩዶልፍ ሆርንሌ የተባለው ሊቅ በብራህሚ ፊደል የተጻፈውን የሳንስክሪት ጽሑፍ ፈትቶ ሲያሳትመው፣ ከሺህ አራት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው የሕክምና መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ የአጋንንት አለቃ የአማልክትን የሕይወት መጠጥ ሰርቆ ጠጣ፣ ቪሽኑ የተባለው አምላክ አንገቱን ቀላው፣ ከተቆረጠው አንገት መሬት ላይ የተንጠባጠበው ነጭ ሽንኩርት ሆኖ በቀለ። የሕይወት መጠጥ ስለነካው ይፈውሳል፤ ከጋኔን ሰውነት ስለወጣ ብራህማኖች አይቀምሱትም። ክልከላውንና ፈውሱን በአንድ ታሪክ ማስታረቅ ትልቅ ብልሃት ነው። ደራሲው ግን በዚህ አላበቃም። ብራህማን ታሞ ነጭ ሽንኩርት ቢያስፈልገውስ? ላም ለጥቂት ቀናት ሣር ተከልክላ ነጭ ሽንኩርት ትመገብ፣ እርሱ ወተቷን፣ እርጎዋንና ቅቤዋን ይውሰድ ይላል። ይህን ያሰበ ሐኪም ሕጉንም በሽተኛውንም ያከበረ ሰው ነው። ላም የበላችው ነጭ ሽንኩርት ሽታው ወተቷ ላይ እንደሚወጣ ወተት የሚያልብ ሁሉ ያውቃልና፣ ሐሳቡ ከዓይን ምስክርነት የተነሳ ይመስለኛል።

ቡድሂዝም ወደ ቻይናና ወደ ኮሪያ ሲሻገር ለመነኮሳት የተከለከሉት ጠረነ ብርቱ አትክልቶች ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ገባ። ይህም ሆኖ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ኢርየን የተባለ ኮሪያዊ መነኩሴ ራሱ ባሰባሰበው ሳምጉክ ዩሳ በተባለው የታሪክ መጽሐፍ፣ የኮሪያውያን እናት ነጭ ሽንኩርትና ጭቁኝ መሰል ቅጠል እየበላች በዋሻ ተቀምጣ ሰው የሆነች ድብ እንደነበረች ተጽፏል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽንኩርት የበላ ከመስጊድ ይራቅ ማለታቸው በሐዲስ ተመዝግቧል፤ ምግቡ ሐራም አልተደረገም፣ አብሮ ሰጋጁ እንዳይቸገር ነው። በ1025 አካባቢ ኢብን ሲና ባጠናቀቀው የሕክምና ቀኖና መጽሐፍ ነጭ ሽንኩርት ከመድኃኒቶቹ ጎራ ቦታ አለው።

ይህን የሃይማኖት ክልከላ ከእኛ አገር ጋር ማነጻጸር ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾም ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ሲከለክል ነጭ ሽንኩርትን አልከለከለም። በዓመት ውስጥ ከ180 በላይ የጾም ቀናት ባሉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅቤ የሌለበት ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ጎመን ጣዕሙን የሚያገኘው ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ነው። ስልጆ ላይ ከሰናፍጭ ጋር ይገባል፤ ዳጣ ያለ እርሱ አይታሰብም። ፍስክ ሲሆን ደግሞ ቅቤው ከኮረሪማና ከኮሰረት፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይነጠራል። በርበሬም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከዚያ አህጉር ውጭ አይታወቅም ነበር። እንግዳው ደርሶ የወጡ ንጉሥ ሲሆን እንኳ ያለ ነጭ ሽንኩርት አልተደለዘም፤ ዛሬም ዛላው ተቀንጥሶ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ ነው ፀሐይ ላይ የሚሰጣው።

መድኃኒት አዋቂዎቻችንም አልተውትም። ለጉንፋን ከማር ጋር፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ለወባ በባዶ ሆድ ይሰጣል። ከጤና አዳም ጋር በጨርቅ ተቋጥሮ ከቡዳ እንዲጠብቅ በሕፃን አንገት ላይ ይታሠራል። በምሥራቅ አውሮፓ ገጠሮችም ነጭ ሽንኩርት ከርኩስ መንፈስ ይጠብቃል ይባላል፤ ብራም ስቶከር በ1897 ባሳተመው የድራኩላ ልብ ወለድ ዓለም ሁሉ ያወቀው ይህን እምነት ነው። ብርቱ ሽታ ክፉውን ያባርራል የሚለው ሐሳብ ሳይቀዳዱ በየአገሩ የሚበቅል ይመስላል።

አውሮፓ ውስጥ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ነጭ ሽንኩርት ይታወሳል። ማርሴይን በ1720 ከመታው ቸነፈር ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ፤ አራት ሌቦች የሞቱትን ሲዘርፉ በሽታው ሳይነካቸው ቀረ፣ ተይዘው ሲጠየቁም ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ እንደሚቀቡ ተናገሩ ይላል። ኮምጣጤው በስማቸው እየተጠራ ለረጅም ዘመን ተሸጧል፤ ቸነፈሩን ማቆሙ ግን አልተረጋገጠም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በ1844 ኦስትሪያዊው ኬሚስት ቴዎዶር ቬርትሃይም ነጭ ሽንኩርት በእንፋሎት አንጥሮ ብርቱ ሽታ ያለው ዘይት አወጣ፤ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት አሊል የሚባለውን ስም ያወጣው እርሱ ነው። በ1892 ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ዘምለር ያንኑ ዘይት መርምሮ ዋናው ይዘቱ ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች መሆናቸውን አሳየ። ሁለቱም ነጭ ሽንኩርቱን አፍልተውት ነበርና ያገኙት እሳት የለወጠውን ነው። በሕይወት ያለው ምስጢር አምልጧቸው ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስል ሲመረቅዝ የሚያድን አንቲባዮቲክ አልነበረም። እንግሊዛዊቷ ሞድ ግሪቭ በ1931 ባሳተመችው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ የእንግሊዝ መንግሥት በ1916 ለቁስል መጠበቂያ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ይገዛ እንደነበር ጽፋለች። የተጨመቀው ፈሳሽ በውኃ ቀጥኖ ስፋግነም በተባለ ንጹሕ የረግረግ ተክል ላይ ተደርጎ ቁስሉ ላይ ይታሰር ነበር። ከዚያ ፔኒሲሊን መጣ፤ ዓለምም ወደ እርሱ ዞረ።

ምስጢሩ የተገለጠው ግን ሁሉም ዓይን ፔኒሲሊን ላይ በነበረበት ሰዓት ነው። ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ቤይሊ በኒው ዮርክ ግዛት ሬንሰሌር ከተማ ባለው የዊንትሮፕ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድሉ ዕፅዋት ይፈልጉ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን አላፈሉትም፤ ሳይሞቅ በአልኮል ዘፈዘፉት። በ1944 ባሳተሙት ሥራ ከ4 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት 6 ግራም ያህል የማይረጋ ዘይት ማግኘታቸውንና ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ እንደሚያግድ ገለጡ። ስሙን አሊሲን አሉት። አሊሲን ጉልበቱ ከፔኒሲሊን እጅግ ያነሰ ነው፤ ሽታው ያውካል፤ ቶሎም ይፈርሳል። በእንክብል ታሽጎ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አይወድም።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት አይሸትም፤ አሊሲንም የለበትም። መልሱን በ1948 አርተር ሽቶልና ኤቫልድ ዜቤክ ከባዝል አመጡ። በፍሬው ውስጥ ሽታ የሌለው አሊይን የሚባል ነገር በአንድ ዓይነት ሕዋስ ተቀምጧል፤ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ሕዋስ ተለይቶ ታሽጓል። ጥርስ፣ ቢላዋ ወይም ዘነዘና ግድግዳውን ሲያፈርስ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በሰከንዶች ውስጥም አሊሲን ይወለዳል። ለቲያን ሻን አይጥ የተዘጋጀው ወጥመድ ይህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ያለው መድኃኒት ውስጡ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ በተደቆሰ ቁጥር አዲስ የሚሠራ ነው። ጋሌንም፣ ፕሊኒም፣ የኩቻው ደራሲም ይህን አላወቁም። ባቢሎናዊው ወጥ ሠሪና ሙቀጫ ያላት ሴት ሁሉ ግን በእጃቸው ያደርጉት ነበር።

ይሁንና ባክቴሪያ የሚያግደው ነጭ ሽንኩርት ራሱ አደገኛ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በ1985 ቫንኩቨር በተባለችው የካናዳ ከተማ ከአንድ ምግብ ቤት የበሉ 36 ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል ብርቱ የምግብ መመረዝ ታመሙ። ምንጩ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ከሽንኩርቱ ጋር ይመጣል፣ ዘይቱ አየር ሲነፍገው ደግሞ ይመቸዋል፤ መርዙም ሽታና ጣዕም ሳይለውጥ ይፈጠራል። በ1989 በኒው ዮርክ ግዛት ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ የአሜሪካ መንግሥት በዘይት የሚሸጥ ነጭ ሽንኩርት አሲድ እንዲጨመርበት አዘዘ። ዛሬ በየቤታችን ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ በዘይት ለወር ማስቀመጥ እየተለመደ ነውና ይህን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የተፈጨው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ በጥቂት ቀናትም ይለቅ፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ በረዶ ቤት ይግባ።

ነጭ ሽንኩርት በአገሮች መካከል የገበያ ጠብም አስነሥቷል። በሰኔ 2000 ደቡብ ኮሪያ ገበሬዎቿን ለመጠበቅ በቻይና ነጭ ሽንኩርት ላይ 315 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ቻይና መልሷን የሰጠችው የኮሪያን ተንቀሳቃሽ ስልክና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በመከልከል ነበር፤ ኮሪያም በሳምንታት ውስጥ ለመደራደር ተገደደች። ዛሬ ከዓለም ነጭ ሽንኩርት ሦስት አራተኛው ገደማ ቻይና ይመረታል።

ከገበያው ወደ ወጥ ቤት ስንመለስ፣ ወጥ ቤትን በቀጥታ የሚነካው ግኝት የታተመው በ2001 ነው። ሶንግና ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ያልተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በማይክሮዌቭ 60 ሰከንድ ሲያሞቁት ኢንዛይሙ ተበላሸ፤ በአይጦች ላይ ይታይ የነበረው ካንሰርን የመከላከል ውጤትም ጠፋ። ደቁሰው 10 ደቂቃ አቆይተው ሲያሞቁት ግን ውጤቱ በከፊል ተረፈ። አሊሲኑ እሳት ከመድረሱ በፊት ተወልዶ ነበራ። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ቀድሞ ልጦ መውቀጥ፣ ከዚያ ቀይ ሽንኩርቱን መክተፍና ማቁላላት፣ ነጩን ከዚያ በኋላ መጨመር ነው። ሽንኩርቱ እስኪበስል አሥር ደቂቃው ያልፋል። ከሁሉ በፊት የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት አርሮ ይመራል፤ ሳይደቆስ ሙሉ ፍሬው የተቀቀለ ደግሞ ጣፋጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ኃይሉ ግን ሳይወለድ ቀርቷል። ጥሬውን ከእንጀራ ጋር መብላት ለለመደ ችግር የለውም፤ በባዶ ሆድ ግን ጨጓራን ያቃጥላል፣ ደቁሶ ቆዳ ላይ ማሰርም እንደ እሳት አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥራል።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሠራ ጥናት የነጭ ሽንኩርት እንክብል የወሰዱ ጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ሳኩዊናቪር መጠን በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይጎዳም ለሚሉ ይህ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። እንክብሉ የደም መርጋትንም ያዘገያል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይመከራል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ትልልቆቹ ሙከራዎች ተከታትለው መጡ። በ2007 ክሪስቶፈር ጋርድነርና የስታንፎርድ ባልደረቦቹ 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታተሉ፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሁለት ዓይነት እንክብል መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል አልቀነሰም። በ2008 ካሪን ሪድና ባልደረቦቿ የቀደሙ ሙከራዎችን አጠቃለው ሲመረምሩ፣ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ8 ያህል ዝቅ ማለቱን አገኙ፤ ይህ ቀላል አይደለም፣ የሐኪምን መድኃኒት ግን አይተካም። ከሁሉ ረጅሙ ክትትል የተደረገው በቻይና ሻንዶንግ ነው። የጨጓራ ካንሰር በበዛበት በዚያ ገጠር ከ3,300 በላይ ሰዎች በ1995 ሙከራ ጀመሩ፤ የነጭ ሽንኩርት እንክብል የደረሳቸው ከሰባት ዓመት በላይ ወሰዱ። ውጤቱ ከ22 ዓመት ክትትል በኋላ በ2019 ሲታተም በጨጓራ ካንሰር የሞቱት በአንድ ሦስተኛ ያህል አንሰው ተገኙ። በበሽታው የሚያዙትን ቁጥር ስለመቀነሱ ግን ማስረጃው እርግጠኛ የሚያሰኝ አልሆነም። ፕሊኒ ከስድሳ በላይ ሕመም የቆጠረለት ተክል በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ያስመዘገበው ይህን ነው፤ ትንሽ ነው፣ እውነተኛ ግን ነው፤ እኔ ከስድሳው ይልቅ ይህንን አከብራለሁ።

መጋቢት 2020 ላይ ኮቪድ አዲስ አበባ ገባ መባሉ ሲሰማ ሰው ወደ ገበያ ሮጠ፤ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ናረ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። የተጨነቀ ሕዝብ አያቶቹ ያወረሱትን ቢይዝ አልፈርድበትም። የሚያሳዝነኝ፣ ለሽሮዋ ሁለት ራስ ትገዛ የነበረች እናት በዚያ ሰሞን መግዛት አለመቻሏ ነው።

ከዚያ ወዲህም ዋጋው ብዙ ዝቅ አላለላትም፤ አንዱ ምክንያት ማሳው ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ከራሱ ፍሬ ስለሆነ በሽታም አብሮት ይጓዛል። ቢሾፍቱ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ንጹሕ ዘር ግን ለሁሉም ገበሬ አይደርስም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬውን የሚያስመርረው ሥሩንና ራሱን በነጭ ሻጋታ ሸፍኖ የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ጥቁር ቅንጣቶች አፈር ውስጥ ይጥላል፤ እነርሱም ተክል ሳይኖር ከሃያ ዓመት በላይ ተኝተው መቆየት ይችላሉ። የሚቀሰቅሳቸው ከነጭ ሽንኩርት ሥር የሚወጣው ያው የሰልፈር ሽታ ነው። በሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ይህንኑ ሽታ መልሰው ፈንገሱ ላይ ተጠቅመውበታል፤ ምንም ባልተተከለበት ማሳ ላይ ከነጭ ሽንኩርት ዘይት የሚገኘውን ውህድ አፈር ውስጥ ሲያስገቡ ቅንጣቶቹ ተክል የመጣ መስሏቸው ይነቃሉ፣ የሚበሉት ያጡና ይሞታሉ። እዚህ ውህዱን የሚያገኝ ገበሬ የለም። ያለው አማራጭ በሽታ ከሌለበት ማሳ ዘር መርጦ መግዛት፣ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠልና ያንን መሬት ለዓመታት ለስንዴ ወይም ለባቄላ መተው ነው።